ገንዘቡ ለቀዶ ጥገናው ተሰበሰበ፤ ለቱቦውስ?

በዲሲና አካባቢው የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው የስልክ መልእክት አለ። አንድ ፎቶ፣ አንድ የሐኪም ደብዳቤ፣ የጎፈንድሚ ሊንክ፣ ከሥሩ ደግሞ «ወንድማችን ለጉበት ንቅለ ተከላ ወደ ህንድ መሄድ አለበት፤ እባካችሁ ለሌሎችም አጋሩ» የሚል ጽሑፍ። አንዳንዴ ኩላሊት ነው፣ አንዳንዴ ልብ ነው፤ ጉበት ሲሆን ግን የሚጠየቀው ገንዘብ ከበድ ይላል። ሕዝባችን በዚህ አይታማም። ዊተን ምግብ ቤት ቆጣሪ ላይ ሣጥን ይቀመጣል፣ አሌክሳንድሪያ ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የታክሲ ሾፌር የቀን ገቢውን ይሰጣል። ከዚያ ታማሚው ይሄዳል፣ ይታከማል፣ ቦሌ ላይ በአበባ ሲቀበሉት የተነሣው ፎቶ ይለቀቃል፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ተብሎ ገጹ ይዘጋል።

እኔ የምጽፈው ገጹ ከተዘጋ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ የሰው ምሥጢር ስለሆነ የማንንም ታሪክ እዚህ አላነሣም። ግን ሐኪም ሲያስረዳና ቤተሰብ ሲጠይቅ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ለዓመታት ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። እኛ ንቅለ ተከላን እንደ አንድ ቀን ሥራ ነው የምናየው። ሐኪሞቹ ግን እንደ ዓመታት ሥራ ነው የሚያወሩት። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ሰው ይጎዳል። ክፍተቱ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ማንም በስሙ ገንዘብ የማይሰበስብለት ነገር ነው፤ የሐሞት ቱቦ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት በየቀኑ ከግማሽ ሊትር በላይ ሐሞት ያመነጫል። ሐሞቱ በቀጫጭን ቱቦዎች ተሰብስቦ በአንድ ዋና ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ንቅለ ተከላ ሲደረግ ሐኪሙ መጀመሪያ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ያገናኛል፤ በመጨረሻ የአዲሱን ጉበት የሐሞት ቱቦ ከታማሚው ቱቦ ጋር ይሰፋል። የተሰፋ ነገር ሲድን ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል። ከዚህ በላይ ሌላ ጣጣ አለ። የጉበት ሥጋ ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። የሐሞት ቱቦው ግን የሚተማመነው በአንዱ ብቻ፣ በጉበት አርተሪ ነው። ያ አርተሪ ከጠበበ ወይም ከተዘጋ ጉበቱ ለጊዜው ደህና መስሎ ቱቦው ብቻውን ይጎዳል። ስለዚህ ቱቦው ሁለት ዓይነት መጥበብ ሊያጋጥመው ይችላል። አንዱ ስፌቱ ላይ ያለው ነው፤ አጭርና አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ በደንብ ይታከማል። ሌላው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ብዙ ቦታ ላይ የሚከሰተው ነው፤ ይኼኛው አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዴም ሁለተኛ ንቅለ ተከላ እስከመጠየቅ ይደርሳል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ማሳከክ፣ ሽንት እንደ ጠንካራ ሻይ መጥቆር፣ ዓይነ ምድር መንጣት፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ አንዳንዴ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት። ብዙ ጊዜ ግን ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ በደም ምርመራ ላይ ቁጥር ብቻ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ኤምአርአይ ይታዘዛል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ቤተሰብ ወዲያው «የወፍ በሽታው ተመለሰበት» ወይም «ጉበቱን ሰውነቱ አልተቀበለውም» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ግን ቧንቧው ብቻ ጠቦም ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ መፍትሔ ያለው ነገር ነው። «ሐሞቴ ፈሰሰ» የምንለው ተስፋ ስንቆርጥ ነው አይደል? እዚህ ላይ የሚያስፈራው ሐሞቱ አልፈስስ ሲል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ይህ ችግር ማንንም ጉበት የተተከለለት ሰው ያገኛል፤ ነገር ግን ከአገር ቤት ወደ ህንድ የሚሄደውን ሰው የበለጠ ያገኘዋል። ምክንያቱ የህንድ ሐኪሞች ችሎታ ማነስ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ሥራ ከዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት ናቸው። ምክንያቱ ጉበቱ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2024 ከ11 ሺህ በላይ የጉበት ንቅለ ተከላ ተደርጓል፤ ከሕያው ለጋሽ የተወሰደው ከመቶ አምስት ስድስቱ ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሞተ ሰው የተገኘ ሙሉ ጉበት ወይም የሱ ክፋይ ነው። ህንድ ውስጥ ግን ተቃራኒው ነው፤ አብዛኛው ጉበት ከሕያው ሰው የሚወሰድ ነው። በዚያ ላይ የ1994ቱ የህንድ የአካል ንቅለ ተከላ ሕግና ማሻሻያዎቹ የውጭ ዜጋ የቅርብ ዘመዱ ካልሆነ ህንዳዊ አካል እንዳይወስድ ይከለክላሉ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ታማሚ ለጋሹን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ወንድሙን፣ እህቱን፣ ልጁን።

ከሕያው ሰው የሚወሰደው ሙሉ ጉበት አይደለም፤ ለአዋቂ ታማሚ ብዙውን ጊዜ የቀኝ ክፋዩ ነው። ክፋዩ ላይ ያለው የሐሞት ቱቦ ደግሞ ዋናው ግንድ ሳይሆን ቅርንጫፉ ነው። ቀጭን ነው፤ አንዳንዴም ሁለት ወይም ሦስት አፍ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱን ለየብቻ መስፋት ያስፈልጋል። በሕክምና ጽሑፎች ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው አሐዝ ይህንን ያሳያል። ከሞተ ለጋሽ ሙሉ ጉበት ከወሰዱት የቱቦ መጥበብ የሚያጋጥማቸው ከመቶ ከ5 እስከ 15 ያህሉ ናቸው፤ ከሕያው ለጋሽ ከወሰዱት ግን ወደ 30 ይጠጋል። በአማርኛ እንናገረው ከተባለ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። አብዛኛው የሚከሰተው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው፤ ማለትም ታማሚው አገሩ ከገባ፣ አበባው ከደረቀ በኋላ።

እዚህ ላይ «ታዲያ መሄዱ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ኧረ ትልቅ ዋጋ አለው። ጉበቱ ያለቀ ሰው ያለ ንቅለ ተከላ የሚኖረው አማራጭ ይታወቃል። የምለው ሌላ ነው፤ ከሦስት አንዱን የሚያገኝ ነገር «ያልታሰበ አደጋ» ተብሎ ሊጠራ አይገባም። የታወቀ ወጪ ነው። በጀቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ሕክምናው ራሱ ደግሞ ከማንም በላይ የዚህ ከተማ ታሪክ አካል ነው። ሆድ ሳይቀደድ በአፍ በሚገባ ካሜራ ወደ ሐሞት ቱቦ መግባት ኢአርሲፒ ይባላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርተው ለዓለም ያሳወቁት በ1968 እዚሁ ዋሽንግተን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዊሊያም ማኪዩንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዊተን ጣቢያ፣ ያንን መጨረሻ የሌለው የሚመስል ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወርዶ፣ በሜትሮ ግማሽ ሰዓት ከምናምን ነው። ቱቦው ውስጥ የላስቲክ ስቴንት ማስቀመጥ የተጀመረው ከዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ ግድም ሲሆን፣ የሠራው ሀምቡርግ ይሠራ የነበረው የኢንዶኔዥያ ተወላጅ ኒብ ሶኸንድራ ነው። ስደተኛ ሐኪም ያመጣውን ነገር ስደተኛ አስተርጓሚ ሲተረጉመው ደስ ይላል፤ ይህን እግረ መንገዴን ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ታማሚው ይተኛል። ካሜራው በጉሮሮና በጨጓራ አልፎ ሐሞት ወደ አንጀት የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በጠባቡ ቦታ ይሾልካል፤ በሽቦው ላይ ትንሽ ፊኛ ይገባና ይነፋል፤ የጠበበው ይሰፋል። ፊኛው ብቻውን ከሆነ ግን ጠባሳው ተመልሶ ይጠባል፤ ስለዚህ ስቴንት ይቀመጣል። ላስቲኩ ስቴንት እርሳስ ውስጥ ካለው ቀለም ብዙም አይወፍርም። ችግሩ እዚህ ነው፤ ላስቲክ ይዘጋል። ባክቴሪያ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ዝቃጭ ይሰበሰባል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ወጥቶ በሌላ ይተካል፤ በተተካ ቁጥርም ከተቻለ በአንዱ ምትክ ሁለት፣ በሁለቱ ምትክ ሦስት እያሉ ጎን ለጎን ያስገባሉ፤ ቱቦው ቀስ እያለ እንዲለምድ። አንድ ዓመት ያህል። ስፌት ላይ ያለ መጥበብ በዚህ መንገድ በአብዛኛው ይድናል፤ ከሞተ ለጋሽ በወሰዱት ላይ ከመቶ ሰማንያና ከዚያ በላይ የሚሆነው ይፈታል፤ ከሕያው ለጋሽ በወሰዱት ላይ ዝቅ ይላል፤ ግን እዚያም ብዙው ሰው ይድናል።

የብረት ስቴንትም አለ፤ ሽፋን ያለው፣ ውስጥ ገብቶ ራሱን የሚዘረጋ። በ2016 ጃማ በተባለው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 112 ሰዎችን፣ ከግማሽ በላዩ ጉበት የተተከለላቸውን፣ በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አነጻጽሯል። የብረቱ ውጤት ከላስቲኩ አላነሰም፤ የሚያስፈልገው የኢአርሲፒ ብዛት ግን ቀነሰ፤ በአማካይ ከሦስት በላይ የነበረው ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ብረቱን ያድርጉለትና ይገላገል» ይላል። እኔም እንዲያ ሲባል ሰምቻለሁ። ነገር ግን ያ ጥናት ቱቦአቸው ከ6 ሚሊሜትር የጠበበውንና መጥበቡ ወደ ጉበቱ በር የተጠጋውን አላካተተም። ከወንድም የተወሰደ ክፋይ ጉበት ላይ ያለው ቱቦ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ቀጭንና ወደ ላይ የቀረበ። ስለዚህ የእኛ ታማሚ ብዙውን ጊዜ የሚቀርለት ላስቲኩ ነው። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ማለት ነው።

ኢአርሲፒ ራሱ ያለ አደጋ አይደለም። ከመቶ ከሦስት እስከ አሥር በሚሆኑት ላይ ቆሽት ይቆጣል። እኛ «ቆሽቴ አረረ» ስንል ለንዴት ነው፤ ይኼኛው የእውነቱ ነው፤ ሆስፒታል ያስተኛል። ስፌቱ ቱቦ ከቱቦ ሳይሆን ቱቦ ከአንጀት የሆነላቸው ደግሞ አሉ፤ እነሱ ላይ ካሜራው በተለመደው መንገድ አይደርስም፤ በቆዳ በኩል በመርፌ ተገብቶ ነው የሚሠራው፤ ያ ደግሞ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። በዚህ በሽታ መድኃኒቱ ስቴንቱ አይደለም፤ ቀጠሮው ነው። ስቴንት ገብቶ ቀጠሮ ከሌለ አለመግባቱ ሊሻል ይችላል። ለስድስት ወር፣ ለዓመት የተረሳ ላስቲክ ይደፈናል፤ ከበስተኋላው ያለው ሐሞት ይመረቅዛል፤ የሰውነት መከላከያውን በመድኃኒት ያዳከመ ሰው ላይ ደግሞ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ይገባል። ትኩሳቱ እንኳ በቅጡ ላይታይ ይችላል፤ ትኩሳት የሚያስነሣው መከላከያ ነዋ የተዳከመው።

እስቲ አሁን አዲስ አበባ የተመለሰውን ሰው አስቡት። ኢአርሲፒ የሚሠሩ ማዕከላት በአዲስ አበባ ጥቂት ናቸው። ካሜራው፣ ሽቦው፣ ፊኛው፣ ስቴንቱ ሁሉም በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 በእኛ አቆጣጠር ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት በብር ተሰልቶ የተቀመጠ ሁሉ ግማሽ ሆነ ማለት ነው፤ ለቀሪው ዕድሜ የሚወሰደው ታክሮሊመስም በዚያው ልክ ተወደደ። አዲስ አበባ ካልተገኘለት ወደ ደልሂ ወይም ቼናይ መመለስ አለበት። በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት ማለት አራት ጉዞ ነው፤ ብቻውን አይሄድም፣ ስለዚህ ስምንት የደርሶ መልስ ትኬት፣ አራት ቪዛ በነፍስ ወከፍ፣ አራት ጊዜ የቤት ኪራይ። አብሮት የሚሄደው ብዙ ጊዜ ማን ነው? ጉበቱን የሰጠው ወንድሙ፤ እሱም ራሱ ሆዱ የተቀደደና ሥራ ያቋረጠ ሰው። ጎፈንድሚው ሲከፈት ይህ ሁሉ አልተጻፈም ነበር። ሁለተኛ ገጽ መክፈት ደግሞ ያሳፍራል። «አምና አሳከማችሁኝ፣ ዘንድሮም» ማለት ለኢትዮጵያዊ ሞት ነው። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ቀጠሮው ያልፋል።

እዚህ አሜሪካ ያለነውስ? «እኛ ጋ ሁሉም ነገር አለ» እንላለን። እውነት ነው፤ ጆርጅታውን ጉበት ይተከላል፤ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይተክላሉ። ኢአርሲፒ ለሚሠራ ባለሙያም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ቀጠሮውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው።

ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው «ዋን ቢግ ቢዩቲፉል ቢል» የተባለው ሕግ እኛ ሰፈር ላይ በቀጥታ የሚያርፍ አንቀጽ አለው፤ ብዙ ሰው ግን የታክስ ሕግ ብቻ መስሎት አልፎታል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፌዴራሉ የሜዲኬይድ ገንዘብ ለአዋቂ ስደተኛ ማለት ይቻላል ግሪን ካርድ ላላቸው ብቻ እንዲሆን ያጠባል፤ ከነሱ ሌላ የኩባና የሄይቲ ስደተኞችና የጥቂት የፓስፊክ ደሴቶች ዜጎች ብቻ ናቸው የቀሩት። አሳይለም አግኝቶ ግሪን ካርዱን የሚጠብቅ ሰው፣ በስደተኝነት ተመዝግቦ የመጣ ሰው፣ ይወጣል። «ታዲያ በማርኬቱ ኢንሹራንስ ይግዛ» እንዳትሉ፤ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ የዋጋ ድጎማውም ለነዚሁ ሰዎች ይዘጋል። በዲቪ የመጣውም አልተረፈም። ዲቪ የደረሰው አዋቂ ለሜዲኬይድ አምስት ዓመት መጠበቅ እንዳለበት ድሮም እናውቃለን፤ እስከ 2025 ግን ገቢው ከድህነት መስመር በታች ቢሆንም በድጎማ ኢንሹራንስ መግዛት ይችል ነበር። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ያ ቀዳዳ ተደፍኗል። በዚያ ላይ በኮቪድ ጊዜ የተጨመረው የድጎማ ጭማሪ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

የሚቀረው ምንድን ነው? የድንገተኛ ሕክምና ሜዲኬይድ። እዚህ ላይ ነው ከሐሞት ቱቦው ጋር የሚገናኘው። የድንገተኛው ሜዲኬይድ ትኩሳቱን ይከፍላል፤ ቀጠሮውን አይከፍልም። ስቴንቱ በሰዓቱ እንዲቀየር አይሸፍንም፤ ተደፍኖ፣ ሰውየው ተንቀጥቅጦ፣ በአምቡላንስ ሲመጣ ግን ይሸፍናል። ለመንግሥትም ይህ ይወደዳል፤ ለሰውየው ደግሞ ጉበቱን ሊያሳጣው ይችላል። ያንን ጉበት የሰጠ ቤተሰብ አለ፤ ከሟች ከሆነ በሐዘን መሐል «እሺ» ያለ ቤተሰብ። በቀጠሮ ክፍያ ምክንያት ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት ለእኔ ከስደተኛ ፖሊሲ ክርክር በላይ የሆነ ነገር ነው።

ሜዲኬይድ የቀጠለለትም ቢሆን አዲስ ግዴታ ይመጣበታል። ሕጉ ቢዘገይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ፣ በሜዲኬይድ ማስፋፊያው የገቡ ከ19 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ሰዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መማራቸውን እንዲያሳዩ ያዛል። ጤናው የደከመ ነጻ ነው ይላል፤ ግን ነጻ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፖስታው ወደ ድሮው አድራሻ ሊሄድ ይችላል። ስቴንት ሆዱ ውስጥ ያለ ሰው «ደህና ነኝ» ሊመስል ይችላልና ራሱም «እኔ እኮ አልታመምኩም» ብሎ ፎርሙን ሊተወው ይችላል። ተማሪዎች የሆናችሁ አንባቢዎች፣ እባካችሁ የእናታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ፖስታ ክፈቱላቸው።

ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሜዲኬሩ ሲያበቃ የመከላከያ ማዳከሚያ መድኃኒቱን ብቻ የሚሸፍን ፕሮግራም ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ጉበት የተተከለለት ግን እዚያ ውስጥ የለም። ሰው «ኩላሊት ላይ የሰማሁት ለጉበትም ይሠራል» ብሎ እንዳይዘናጋ ነው።

አገር ቤት ስላለው ደግሞ አንድ ክርክር አለኝ። ሐኪሞቻችን ሲሰበሰቡ «ኢትዮጵያ የጉበት ንቅለ ተከላ መቼ ትጀምራለች?» የሚለው ጥያቄ ይወደዳል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እገዛ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ያኮራል፤ ግብጽና ደቡብ አፍሪካ ጉበት ይተክላሉ፤ እኛስ ለምን አንችልም? የሚል ቁጭት። ቁጭቱን እጋራለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን ይገለበጥ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ኢአርሲፒ በደንብ የሚሠሩ ማዕከላት ይብዙ፤ ከቆዳ በኩል ገብተው የሚሠሩ የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ይብዙ። ይህ ለተተከለለት ብቻ አይደለም፤ ሐሞት ቱቦው ውስጥ ጠጠር ለወረደበት፣ የቆሽት ካንሰር ቱቦውን ለዘጋበት፣ በቀዶ ጥገና ጊዜ ቱቦው ለተጎዳበት ሁሉ ነው። ቁጥራቸው ንቅለ ተከላ ከሚያስፈልገው በእጅጉ ይበልጣል። ንቅለ ተከላው ቀድሞ ቱቦውን የሚጠግን ሰው ከሌለ፣ ቀዶ ጥገናው የተሳካ እየተባለ ሰው ይሞታል።

ዳያስፖራው እዚህ ላይ መርዳት ይችላል፤ ግን እንደ ልማዳችን አሮጌ ካሜራ በኮንቴነር በመላክ አይደለም። ካሜራው ያለ ራጅ መሣሪያ፣ ያለ ትክክለኛ ማጽጃ፣ ያለ ጥገና፣ ከሁሉም በላይ ያለ ሽቦና ስቴንት አቅርቦት ማስጌጫ ነው። አንድ የሠለጠነ ሐኪም ከሁለት ነርሶች ጋር፣ ለሁለት ዓመት የሚበቃ ዕቃ ቀርቦለት፣ በየጊዜው ከዚህ የሚሄድ አሠልጣኝ ቢኖረው ከአሥር ካሜራ ይሻላል።

«ለምን መከላከሉ ላይ አንጽፍም?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ልክ ነው፤ የብዙ ኢትዮጵያውያንን ጉበት የሚያጠፋው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው፤ በቀን አንድ ቴኖፎቪር። የአሜሪካው ሲዲሲ ከ2023 ጀምሮ ማንኛውም ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። እዚሁ አካባቢያችን የዋሽንግተን ዲሲ ሄፓታይተስ ቢ ኢኒሺየቲቭ የተባለው ድርጅት የአፍሪካና የእስያ ስደተኞችን ይመረምራል። ተመርመሩ፤ በቃ፣ የሚያከራክር ነገር የለውም። ግን ጉበቱ ያለቀበትን ሰው «ድሮ ብትመረመር ኖሮ» ብሎ መተው አይቻልም።

ስለዚህ ከምን እንጀምር? ሊንክ ሲደርሳችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ ክፋት አይደለም። ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት የሚከታተለው ማን ነው? ቱቦው ቢጠብ የት ይሄዳል? ለዚያ የተቀመጠ ገንዘብ አለ? መልሱ «የለም» ከሆነ አትከልክሉ፤ ከሚሰበሰበው ላይ ሩቡ ለሁለተኛው ዓመት ተለይቶ እንዲቀመጥ ሰብሳቢዎቹን ጠይቁ። ሩብ ያልኩት በራሴ ግምት ነው፤ ስለ መጠኑ ሐኪምና ሒሳብ አዋቂ ይነጋገሩበት። እድሮቻችንም ያስቡበት። ዲሲ ያሉ እድሮች አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያወጡት ገንዘብ የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ግን ሰው ከሞተ በኋላ ትኬቱን የሚከፍል ማኅበር በሕይወት እያለ ለሦስት ወሩ ቀጠሮ ትኬት መክፈል በደንቡ ላይ ለምን አይኖርም? ይህን በስብሰባ ላይ ያነሣ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ገንዘብ የማይጠይቅም እርዳታ አለ። ኢአርሲፒ በማደንዘዣ ስለሚሠራ ታማሚው ብቻውን በኡበር እንዲሄድ ሆስፒታል አይፈቅድም፤ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መጥቶ መውሰድ አለበት። ጆርጅታውን ደግሞ ሜትሮ የለም። ብቻውን የሚኖር ሰው ወስዶ የሚመልሰው አጥቶ ቀጠሮ ይሰርዛል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ የሥራ ቀን ጠዋት ከዊተን ወስዶ ከሰዓት መመለስ፣ በዓመት አራት ጊዜ፤ አራት ጓደኛ ቢካፈለው ለያንዳንዱ አንድ ቀን ነው። አስተርጓሚ ደግሞ በነጻ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ አባቱ ቆሽት እንዲተረጉም አታድርጉ።

በመጨረሻ ወረቀቱ። ከህንድ የሚመለስ ሰው ሁሉ ከሻንጣው ይልቅ መጠበቅ ያለበት የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ነው፤ ስንት የሐሞት ቱቦ እንደተሰፋ፣ ከቱቦ ጋር ይሁን ከአንጀት ጋር፣ ስቴንት ገብቶ ከሆነ ላስቲክ ይሁን ብረት፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደገባና መቼ መውጣት እንዳለበት። ቀኑን በቁጥር ብቻ አትቀበሉ። የህንድ ሐኪም 05/07 ብሎ ከጻፈ ጁላይ 5 ማለቱ ነው፤ እዚህ ያለ የቤተሰብ አባል ሜይ 7 ብሎ ያነበዋል፤ አዲስ አበባ ያለችው እናት ደግሞ አምስተኛው ወር ጥር ነው ትላለች። የወሩን ስም በፊደል አስጽፉ፤ ከዚያ ሁለት ሰው በስልኩ ላይ ይመዝግበው፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ እዚህ።